ሐዋሳ ብለን የሄድንበት ደሴ

ስለ ደሴ ልጽፍ ስነሳ ባለቤቴ ወርቄ ከጀርባዬ ቆማ "መጀመሪያ ውሸታችንን ጻፍ" አለችኝ። እሺ። ለልጃችን ለቤተል ሐዋሳ እንሄዳለን ነበር ያልናት። የጋብቻችንን በዓል ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን፣ ዓሣ እየበላን ልናከብር። ልጅቷ፣ እናቷን ከኮልፌ አውጥቼ የወሰድኳት ሩቅ አገር እዚያው አዲስ አበባ ያለው ዓለም ባንክ ሰፈር መሆኑን ስለምታውቅ፣ ግንባሬን በእጇ ነካ አድርጋ "አባ፣ አሞሃል እንዴ?" አለች።

እውነቱ ሌላ ነው። ቸርቻችን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ዮሴፍ የሚባል ልጅ አለ። ቤተልን ላግባ ብሎ ለእሁድ ሽማግሌ ቀጥሯል። ልጁ ጨዋ ነው፤ እኔን ያ ራሱ ያጠራጥረኛል። አገሬ ደሴ፣ ሆጤ የሚባል ሰፈር ነው ይላል። አባቴ አበጋዝ ይባላል፣ ጡረተኛ ነው ይላል። ጡረታ የወጡት ከምን ነው ሲባል "ከሥራ" ይላል። በቃ። ከዚያ በላይ ብትጠይቁት ውሃ ይጠማዋል።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ኮልፌ አጠና ተራ ባሕር ዛፍ የሸጥኩ ሰው ነኝ። አጠና ላዩን አይቶ የሚገዛ የለም። ያገላብጠዋል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየዋል። ልጅ ሲዳርም እንደዚያው ነው፤ ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ሰው ተልኮ ቤተሰብ ይጣራል። ሆሳዕና ያሉት ዘመዶቻችን ያደርጉታል፣ ኮልፌ ያለነውም እናደርገዋለን። ችግሩ፣ ደሴ የምልከው ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ራሳችንን ላክን። ጎብኚ መስለን።

ሐሙስ

ሌሊት ተነስተን ጦር ኃይሎች ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ ወደ አውቶቡሱ። ወርቄ የመስኮቱን በኩል ያዘች፣ እኔ መሃል ገባሁ፣ ከጎኔ አንዲት የደሴ ሴትዮ ተቀመጡ። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ቅርጫታቸውን ከፈቱና ዳቦ ቆርሰው ዘረጉልኝ።

"እንካ ወንድሜ፣ የቤት ዳቦ ነው።"

መንገድ ላይ ብስኩት ሰጥተው አደንዝዘው ዘረፉት የሚባለውን ታሪክ ያልሰማ አዲስ አበቤ የለም። "ጾም ላይ ነኝ" አልኩ።

"ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ።"

"የግል ጾም ነው።"

ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ ቦርጬን አዩ። ወርቄ በእኔ ላይ ተሻግራ እጇን ዘርግታ ዳቦውን ተቀበለች። "እግዜር ይስጥልኝ እናቴ። እሱን ተዉት፣ ከልጅነቱ እንደዚህ ነው።" በላች። እኔ ሰዓቴን አይቼ መከታተል ጀመርኩ። ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን አይኗ ተከደነ። ደነገጥኩ። ትከሻዋን ነቀነቅኩት።

"ወርቄ፣ ስሜን ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ። እንድተኛ ካልተውከኝ ሌላ ስም አወጣልሃለሁ።"

የጣርማ በርን ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ የቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ወረሩት። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ ጋር አጣበቀው። ኮምቦልቻ አልፈን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ደግሞ ጉሙ መጣና ሹራቤን ለበስኩ። በአንድ ቀን የዓመቱን ልብስ ሁሉ አወለቅኩ፣ ለበስኩ። ኮልፌ ላይ ይህን ለማድረግ ከሰኔ እስከ ጥር መጠበቅ አለባችሁ።

ደሴ ተራራ ሥር እንደተቀመጠ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ድምፅ ነው። የኛ ኮልፌ በየበሩ ብየዳና ወፍጮ ነው የሚጮኸው። እዚህ ሱቁም፣ ባጃጁም፣ ሸንኮራ የሚሸጠውም ሰውዬ ዘፈን ከፍተዋል፤ ያልከፈተው ደግሞ ራሱ ያንጎራጉራል። እኛ አማኞች ነን፣ ዘፈን በይፋ አንሰማም። ሻንጣ ይዤ ስቆም ግን የቀኝ እግሬ የራሱን ሥራ ጀመረ። ወርቄ ሳትናገር ረገጠችው።

ቤርጎ ያዝን። ባለቤቲቱ መታወቂያ ሳይጠይቁ ቁልፍ ሰጡን። ሳንጠይቅ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጡ። ቆይተው ማንቆርቆሪያ ሙሉ ሙቅ ውሃ ለእግራችሁ ብለው አመጡ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለ ቤርጎ ውስጥ ሙቅ ውሃ ብትጠይቁ "ሆስፒታል ነው እንዴ የገባኸው?" ይሏችኋል። "ሴትዮዋ ምን ፈልገው ነው?" አልኳት ወርቄን። በሩን በወንበር ደግፌ ተኛሁ። ጠዋት ወንበሩን ረስቼው የእግሬን ጣት ሰበርኩት ማለት ይቻላል። ያንን የሰሙት ሴትዮ ቅባት ይዘው መጡ። እሱንም ጠረጠርኩት፤ ግን ተቀባሁት።

ዓርብ

በር ላይ ባጃጅ ይዘን ቀኑን ሙሉ አስጎብኘን አልነው ነጂውን። አሊ ይባላል፣ ቀጭን፣ ሲናገር የሚስቅ ሰው ነው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ አልኩት።

"እሰይ" አለ። "እንግዲህ ያ ጦሳ ነው። ከፍታው ስንት ይሆን ጋሼ? ስንከራከር ነው የኖርነው።"

አንገቴን ቀና አድርጌ ተራራውን እንደሚያውቅ ሰው አየሁት። "ከፍ ያለ ነው" አልኩ።

ወርቄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አይጠየፍ የሚባለውን የድሮ የንጉሥ ግብር አዳራሽ አሳየን። ሰፊ ነው፣ ጣሪያው የሚገርም ነው፤ እኔ የምሰሶዎቹን እንጨት ስነካካ ወርቄ ጆሮዬ ላይ "መምህር ነህ፣ አትርሳ" አለችኝ። ከዚያ "ሆጤ የሚባለውን ሰፈር አሳየን" አልኩት አሊን፣ ለነገሩ ሰበብ ስፈልግ ቆይቼ። ሆጤ ምን የሚጎበኝ ነገር እንዳለው አልጠየቀኝም። ያ ደግሞ አጠራጠረኝ።

ሆጤ ላይ ከመጀመሪያዋ ባለሱቅ ክብሪት ገዛሁና "አቶ አበጋዝ የሚባሉ ሰው እዚህ አሉ?" አልኳቸው።

"አበጋዝ? የሰው ወርቅ።"

"ሥራቸው ምንድን ነው?"

ሴትዮዋ ክብሪቱን አቀበሉኝ። "እሱማ ደስታ ባለበት ሁሉ አለ።"

ልብስ ሰፊውን ጠየቅኩ። "ጋሽ አበጋዝ ሰውን ያኖራል" አለኝ መርፌውን ሳያቆም። ሥራቸውስ ስለው "ሠርግ አይቀርም" አለ። በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ "ለቅሶም ቢሆን፣ ተዝካርም ቢሆን፣ አበጋዝ ይመጣል" አሉኝና መረቁኝ። አንድም ሰው ክፉ አላለም። አንድም ሰው ደግሞ ሥራቸውን አልተናገረም። ይህ ነው የሚያስፈራው። ኮልፌ ላይ ስለ ማንም ሰው ጠይቁ፤ ሁለተኛው ቤት ሳትደርሱ አንድ ነውር ታገኛላችሁ። ስለ እኔ ብትጠይቁ ደግሞ የመጀመሪያው ቤት ወንበር ያቀርቡላችኋል፤ ወሬው ረጅም ነው።

"ደላላ ነው" አልኩ ባጃጁ ውስጥ።

"ጠንቋይ ነው" አለች ወርቄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ደስታም ለቅሶም ላይ የሚጠራ ሌላ ማን ነው? ለጠንቋይ ቤት ልጄን አልሰጥም።"

እሷ እንዲህ ስትል ሳቄ ጠፋ። ቤተል ልጁን ትወደዋለች፤ ይህን ለማወቅ ደሴ መሄድ አያስፈልግም። እምቢ ካልን እሁድ ቤታችን የሚሆነውን አሰብኩት። እሺ ብለን ደግሞ ነገ ጉድ ቢወጣ ያው ልጄ ናት የምትቃጠለው። በዚህ መሃል አሊ በስልክ ቀስ ብሎ ያወራል። "አዎ… ሁለት ናቸው… እሺ" ሲል ሰማሁት። የወርቄን ቦርሳ ጨመቅ አድርጌ ያዝኩት።

"ምሳ ልውሰዳችሁ" አለ። "ምግቡ ሸጋ ነው፣ ጨዋታም አለ።"

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ዓርብ ስለሆነ ያለው የጾም ብቻ ነው፤ በያይነቱ አዘዝን። ጥግ ላይ ጋቢ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ማሲንቆ ይጫወታሉ። ላልሄዳችሁ ልንገራችሁ፤ አዝማሪ እንዲህ ነው፦ ጠረጴዛችሁ ጋ ይመጣል፣ ከየት ናችሁ ይላችኋል፣ የሰጣችሁትን ተቀብሎ እዚያው ግጥም አድርጎ በራሳችሁ ላይ ያወርደዋል። ከፊታችን የነበረውን ወፍራም ሰውዬ ከኮምቦልቻ ነኝ ስላለ ብቻ ሙቀቱንም ሆዱንም ገጠሙበት፤ ሰውዬው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ወርቄ ዓይኗን ሽሮው ላይ ተክላ "ወደዚህ እንዳይመጣ" አለች። መጡ።

"እንግዶች ከየት ናችሁ?"

"ከአዲስ አበባ" አልኩ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልወጣችኝም።

ሽማግሌው ክሩን አንዴ ሳብ ሳብ አደረጉና፣

"የኮልፌው ነጋዴ አጠና የሚያውቀው፣
ቀጥ ያለውን እንጨት ስለምን ጠየቀው?"

ቤቱ ሳቀ። እኔ ጉርሻዬን አልዋጥኩም፣ አልተፋሁም። ኮልፌ አላልኩም። አጠና አላልኩም። አሊን ፈለግኩት፤ በሩን ተደግፎ ቆሞ ጫማውን ያያል።

ሽማግሌው ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወንበር ሳቡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። "አበጋዝ እባላለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ስሜን እየጠራህ ሆጤን ስትዞር ስለዋልክ፣ እንዳትደክም ብዬ ነው።"

ወርቄ ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀረች። እኔ "ያውቁኛል?" አልኩ።

"ኮልፌ መጥቼ ካንተ አጠና ገዝቼ የለ? ዮሴፍ ስለ ልጅህ ሲነግረኝ ጊዜ። ለዳስ ነው አልኩህ። ከየት ነህ አልከኝ፣ ከደሴ ስልህ ስለ ወሎዬ ቀልድ ነገርከኝ።"

"የቱን?"

"ሁለቱንም።"

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ ወለሉ ግን ሲሚንቶ ነው። "አጠናውን አውቶቡስ ላይ መጫን አቃተኝና" አሉ፣ "ከበርህ ፊት ላለችው ባለሱቅ ሰጠኋት። በዚያው ስለ አንተ ጠየቅኳት።" የሱቋ ሴትዮ የዳሷ ምሰሶ ለምን እንደታደሰ ያኔ ገባኝ። እኔ ከሌላ ነጋዴ ገዝታ ነው ብዬ ተቀይሜያት ነበር።

"ምን አሉዎት?" አለች ወርቄ።

"አንቺን የጸሎት ሰው ናት አሉ። ልጅቷን ጨዋ ናት አሉ። እሱን ደግሞ" ብለው ወደ እኔ ዞሩ፣ "ክፋት የለውም፣ ግን ቁም ነገር ሲመጣ በቀልድ ያመልጣል አሉ።"

"ማን ነው እንደዚያ ያለው?" አልኩ።

"ሁሉም።"

ወርቄ ከኮልፌ ከተነሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ምሳ በልተናል ማለት ዋጋ አልነበረውም፤ ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ ይባላሉ፣ አንገታቸው ላይ የእንጨት መስቀል አለ። እኔ ስሙንና መስቀሉን ለማስታረቅ ስታገል ሴትዮዋ አዩኝና "አትልፋ፣ ወሎ ነው" አሉኝ። እኛ ዓርብ እንደማንጾም ሲሰሙ በቅቤ ዕንቁላል ጠበሱልን። እሳቸው ጾመኛ ስለሆኑ ጨው መቅመስ አልቻሉም፤ በአጥሩ በኩል ጎረቤታቸውን ሙስሊሟን ሴትዮ ጠርተው አስቀመሷት። "ትንሽ ይጎድለዋል" አለች፣ ጨመሩበት፣ ደገመች፣ "አሁን ደህና" ብላ በአጥሩ በኩል ተመለሰች። እኔ ኮልፌ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ስለ ውሃ ቱቦ ካልሆነ አልነጋገርም።

ከተበላ በኋላ ጋሽ አበጋዝ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ።

"ልጄ ሥራዬን ምን ብሎ ነገራችሁ?"

ሰዎቹ ሥራቸውን ያልተናገሩት ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። አዝማሪ ተብሎ ለማያውቁት ሰው ቢነገር ንቆ ይሄዳል ብለው፣ አክብረው ዘለውታል። ልጁ ግን የዘለለው ለምንድን ነው? ምላሴ ላይ ሁለት ቀልድ መጣ። ወርቄ ቀደመችኝ።

"ጡረተኛ ነው አለን" አለች።

ወይዘሮ ዘሃራ የታጠብንበትን ውሃ ይዘው ወጡ፤ ባዶ ሳህኑን ለማስቀመጥ የፈጀባቸው ጊዜ ረዘመ።

"ጡረተኛ" አሉ ጋሽ አበጋዝ። "ባለፈው ጥር እኮ ሲመጣ አብረን ሦስት ሠርግ ሄደናል። እኔ ማሲንቆ፣ እሱ ከበሮ። ድምፁ ከእኔ ይሻላል።"

ወርቄ ቀና አለች። ቸርቻችን ውስጥ የሚያገለግል ሰው ሠርግ ላይ አይዘፍንም። ሽማግሌው ፊቷን አይተው ገባቸው። "ይሄንንም አልነገራችሁም" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አሁን ቀልድ ሳትጨምርበት ንገረኝ። ልጅህን ለአዝማሪ ልጅ ትሰጣለህ?"

ዮሴፍን ጠርጥሬው ነበር፤ አሁን የጠረጠርኩትን አገኘሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፊቴ ያሉት ሰው ግን ምንም አልደበቁኝም። "አላውቅም" አልኩ። ሁለት ቀን ከተናገርኩት ሁሉ እሷ ብቻ ነች እውነት።

ወርቄ ነጠላዋን አስተካከለች። "የዘፈኑ ነገር የእምነት ጉዳይ ነው፣ ከእሱ ጋር እንነጋገርበታለን። አባቱን መደበቁ ግን ሌላ ነው። ዛሬ እናንተን የደበቀ ነገ ከልጄም ይደብቃል። ሽማግሌዎቹ እሁድ ሳይመጡ ማንነትዎንና ሥራዎን በራሱ አፍ ቤቴ ገብቶ ከነገረኝ፣ በእኔ በኩል እሺ። ካልነገረኝ ሽማግሌዎቹ ውሃ ጠጥተው ይመለሳሉ። እርስዎም እንዳይደውሉለት።"

"አልደውልም" አሉ።

ስልካቸው መደርደሪያው ላይ ነበር። አየሁት። አባት ነው፤ ይደውላል አልኩ በልቤ።

ወርቄና ጋሽ አበጋዝ ስልክ ተለዋወጡ። ወይዘሮ ዘሃራ ነጭ ማር በትንሽ ጀሪካን ሞልተው፣ ክዳኑን በቀይ ጨርቅ ቁራጭ ደርበው ጠፍረው ሰጡን። አሊ ቤርጎ ሲያደርሰን ሒሳብ አልቀበልም አለ። ለካ ሲያስጨንቀኝ የዋለው ሰው የጋሽ አበጋዝ የእህት ልጅ ነው። "ስልኩ ላይ የነበሩትስ?" አልኩት። "አጎቴ ናቸዋ ጋሼ። መምህሩ ተራራውን ከፍ ያለ ነው አለ ብዬ ነገርኳቸው።"

ቅዳሜ

መመለሻው ላይ ስንጨቃጨቅ ነው የመጣነው። እኔ አባቱ ይደውሉለታል አልኩ፤ ወርቄ ቃላቸውን ይጠብቃሉ አለች። ደብረ ሲና ዳገቱ ላይ ጀሪካኑ ትንሽ አፈሰሰና ሱሪዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ለመጠጣት ሁሉም ወረደ፣ እኔ ቀረሁ። ስነሳ ወንበሩም አብሮ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነው።

ኮልፌ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ቤተል በሩን ከፈተች። ዮሴፍም ነበረ፤ ለነገው የመዝሙር ልምምድ ወረቀት ሊያመጣላት መጥቶ።

"ዓሣውስ?" አለች ቤተል።

"ሐይቁ ተዘግቶ ነበር" አልኩ።

ዮሴፍ ሊያግዘኝ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀበለ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ዓይኑ ቀዩ ጨርቅ ላይ ነው፤ የተቋጠረበትን አኳኋን አየ፣ በአውራ ጣቱ ነካው። እናት የቋጠረችውን ማን አይለየውም። ወርቄ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ ታየዋለች። እኔም አያለሁ። አንድ ውሸት ቢጨምር ሁላችንም እናልፍለት ነበር፤ ማሩ ከሐዋሳ ገበያ የተገዛ ነው ብሎ ያመነ መምሰል ብቻ ነበረበት።

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠው።

"እማዬ" አላት ወርቄን። "አባቴ ጡረተኛ አይደለም። አዝማሪ ነው፣ ማሲንቆ ይጫወታል። እኔም አገር ስገባ አብሬው ሠርግ እሄዳለሁ፣ እዘፍናለሁም። ስጠየቅ አፍሬ ነው የዋሸሁት።"

ቤተል "ምን?" አለች፤ እሷም አልሰማችም ነበር። ተቆጥታ ይሁን ደንግጣ አልለየሁትም፤ ከግድግዳው ተለጥፋ ቀረች።

እኔ ግን ልማዴ አልለቀቀኝም። "አባትህ ደውሎልሃል አይደል?" አልኩት።

"ከትናንት ጀምሮ ስልኬን አያነሳም" አለ። "አስራ ምናምን ጊዜ ደወልኩ። የሆነ ነገር ሆኗል ብዬ ስጨነቅ ነው ያደርኩት።"

ወርቄ አየችኝ። እኔ አጎንብሼ ሱሪዬ ላይ የተጣበቀውን ማር መፈቅፈቅ ጀመርኩ።

ቦርሳዋን ከፈተች፣ ስልኳን አወጣች፣ ቁጥሩን ፈልጋ ለልጁ ሰጠችው። "በእኔ ደውልለት" አለች። "ለእኔ ያነሳሉ።"

ልጁ ተጫነው። ጥሪው አንዴ እንኳ ደህና ሆኖ አልጮኸም፤ ጋሽ አበጋዝ አነሱት። ስልኩን እጃቸው ላይ ይዘው እንደዋሉ ያስታውቃል።